ውርስ ወይስ ዘረፋ? የታላላቅ የጃዝ ጊታር ተጫዋቾችን ዜማ ስለ መቅዳት

በኪነ ጥበብ ትምህርት ዙሪያ በየትውልዱ እንደ አዲስ የሚነሣ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ጀማሪው የታላቁን ባለሙያ ሥራ ድምፅ በድምፅ፣ መስመር በመስመር ገልብጦ መማሩ ተገቢ ነውን? ወይስ ገና ከጅምሩ የራሱን መንገድ እንዲፈልግ ሊተው ይገባል? ጥያቄው ሠዓሊውንም፣ ባለቅኔውንም፣ ተዋናዩንም ይመለከታል። ይሁን እንጂ የጃዝ ጊታር ለሚማር ሰው ከሁሉም ይበልጥ ይከብዳል። ጃዝ ከተጫዋቹ አጥብቆ የሚጠይቀው የተደረሰ ዜማን በታማኝነት ማሰማት ብቻ አይደለምና፤ በዜማው መሠረት ላይ፣ በአድማጭ ፊት፣ በዚያችው ቅጽበት አዲስ ዜማ መፍጠርን ጭምር ነው። ታዲያ ነገ አዲስ ሊፈጥር የሚሻ ሰው ዛሬ የሌላውን ለምን ይሸመድዳል?

የአሠራሩ ልማድ የታወቀ ነው። ተጫዋቾች «ሊክ» የሚሏቸው፣ ጥቂት ምት ብቻ የሚፈጁ አጫጭር የዜማ ሐረጎች አሉ። ተማሪው የቻርሊ ክርስቲያንን፣ የጃንጎ ሬይናርትን ወይም የዌስ ሞንትጎመሪን ሸክላ እየደጋገመ ያዳምጣል፤ አንዷን ሐረግ ነጥሎ ያወጣል፤ በጊታሩ አንገት ላይ ቦታዋን ይፈልጋል፤ ከአንዱ የድምፅ መነሻ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ አሥራ ሁለቱንም እስኪያዳርስ ድረስ ይለማመዳታል። ከዚያም ወደ ሌላዋ ይሻገራል። በዚህ ዐይነት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ።

በዚህ ልማድ ላይ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል። በእርሱ አስተያየት የሌላውን ሐረግ የሚሸመድድ ተማሪ የገዛ ድምፁ ከመወለዱ በፊት ያፍነዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ታላላቆቹ ሊባል የሚገባውን ብለው ጨርሰዋልና የተማሪው ድርሻ እነርሱን በሚገባ መጠበቅ ብቻ ነው ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ ግማሹን ይዘዋል። ግማሹ እውነት ሙሉ እንዳልሆነ ለመረዳት ግን ከአጠቃላይ ንግግር ይልቅ የሠሩትን ሰዎች ሕይወት መመርመር ይጠቅማል።

ከሸክላ የተማረው ሰው

ቻርሊ ክርስቲያን በ1916 በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት ተወልዶ በኦክላሆማ ሲቲ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1939 ከቤኒ ጉድማን የሙዚቃ ጓድ ጋር ተቀላቀለ፤ በ1942 በ25 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በትልቅ መድረክ የቆየው ከሁለት ዓመት እምብዛም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ከእርሱ በፊት በትላልቅ የጃዝ ጓዶች ውስጥ ጊታር በአብዛኛው ምት የሚጠብቅ፣ በነፋስ መሣሪያዎቹ ጩኸት መካከል ድምፁ የሚዋጥ አጃቢ ነበር። በኤሌክትሪክ ጊታር የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው እርሱ አልነበረም፤ ነገር ግን ጊታርን ከሳክስፎንና ከትራምፔት እኩል የሚናገር መሣሪያ በማድረግ ረገድ የሚስተካከለው አልተገኘም።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ክርስቲያን ራሱ ከማን እንደ ተማረ ነው። ከሁሉ አብልጦ ያደመጠው የቴነር ሳክስፎኑን ተጫዋች ሌስተር ያንግን ነበር። የሳክስፎን ሐረግ በትንፋሽ የሚለካ ነው፤ ጊታር ደግሞ ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ ክርስቲያን የሳክስፎኑን ረጅምና ፈሳሽ አነጋገር ወደ ስድስት ክሮች ሲያመጣ፣ የት እንደሚያርፍና የት እንደሚቀጥል እርሱ ራሱ መወሰን ነበረበት። ታላቁ ፈጣሪም እንግዲህ ቀጂ ነበር ማለት ነው።

ዌስ ሞንትጎመሪ በ1923 በኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ትዳር ከያዘም በኋላ፣ ክርስቲያን በ1941 ከጉድማን ጓድ ጋር የቀዳውን «ሶሎ ፍላይት» ሰማና ልቡ ተነካ። የኤሌክትሪክ ጊታርና የድምፅ ማጉያ ገዛ። አስተማሪ አልነበረውም፤ ኖታ ማንበብም አያውቅም ነበር። መምህሩ ሸክላው ብቻ ነበር። የመጫወቻውን መርፌ ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ድምፅ በድምፅ እየለቀመ የክርስቲያንን ሶሎዎች አጠና። የጊታሩ ድምፅ ቤተሰብና ጎረቤት ስላስቸገረ የጊታር መምቻውን ፒክ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ይመታ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ በአንድ የሌሊት ክበብ ተቀጠረ። ሥራውም፣ እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ የክርስቲያንን ሶሎዎች መጫወት ብቻ ነበር፤ እነርሱን ከጨረሰ በኋላ የሚጨምረው አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ ዌስን ያየ የመጀመሪያው ወገን ተከራካሪ ምን ሊል እንደሚችል መገመት አያዳግትም፤ «ይህ ሰው ጊታር የያዘ ሸክላ ነው» ይል ነበር። በዚያች ሌሊት ፍርዱ ትክክል ነበር፤ በዓመታት ሲታይ ግን ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱም የመጣው የቅጂውን ውጤት ብቻ አይቶ የቅጂውን ሥራ ባለማየቱ ነው።

ከሸክላ መቅዳት ምን ዐይነት ሥራ ነው? ሸክላ የሚሰጠው ድምፅን ብቻ ነው። ጣት የት እንዳረፈ አያሳይም። አንድ ድምፅ በጊታር አንገት ላይ በተለያዩ ክሮች ላይ ሊገኝ ይችላልና፣ ተማሪው ከብዙዎቹ ቦታዎች የትኛው ሐረጉን እንደሚያቀላጥፍ መርምሮ መምረጥ አለበት። ሸክላውን በግማሽ ፍጥነት ቢያዞረው ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ስለዚህ የዘገየውን ሰምቶ የፈጠነውን በኅሊናው ማነጽ ይኖርበታል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል፤ ተጫዋቹ ከዚህ ኮርድ ላይ ይህን ድምፅ ለምን መረጠ? ዌስ በሸክላው ፊት ያሳለፋቸው ሌሊቶች የጥያቄ ሌሊቶች ነበሩ። የአውራ ጣቱ ነገርም የሚያስተምረው አለ። በፒክ የተመታውን የክርስቲያንን ድምፅ በአውራ ጣት በትክክል ማውጣት አይቻልም። ዓለም ዛሬ የዌስ ብሎ የሚያውቀው ለስላሳና ሙሉ ድምፅ የተወለደው በአርአያውና በቀጂው ኑሮ መካከል ከነበረው ከዚህ ክፍተት ነው።

መልሱና ጥያቄው

አንድ የዜማ ሐረግ ሲወለድ ለአንድ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው። ከዚህ ኮርድ ወደዚያኛው ምን ያሻግራል? ይህችን ባዶ ምት ምን ይሞላታል? ከበሮው እንዲህ ሲል ምን ይመለስለታል? ሐረጉን ያለ ጥያቄው የወሰደ ሰው መልስ ብቻ ይዞ ይዞራል፤ በተገኘው ቦታም ሁሉ ይደነቅረዋል። ይህ ሰው ተረትና ምሳሌ አብዝቶ የሚያውቅ፣ ግን ቦታቸውን የማያውቅ ተናጋሪ ይመስላል። የተናገራቸው ምሳሌዎች እያንዳንዳቸው ያማሩ ናቸው፤ ንግግሩ ግን ነገር የለውም።

የቻርሊ ክርስቲያን ሐረጎች ለምሳሌ ያህል በግራ እጁ ከሚይዛቸው የኮርድ ቅርጾች የሚነሡ ናቸው። ቅርጹን ያላየ ተማሪ አሥር ሐረግ ቢያጠና አሥር ሐረግ ብቻ ይኖረዋል። ቅርጹን ያየ ግን ከአንዷ ሐረግ ተነሥቶ ክርስቲያን ያልተጫወታቸውን ሌሎች ሊያፈልቅ ይችላል። የጃንጎ ሬይናርት ነገር ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነው። ቤልጂግ ውስጥ በ1910 የተወለደው ይህ ታላቅ ተጫዋች በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎዱ። ከዚያ በኋላ ሶሎዎቹን የተጫወተው በአብዛኛው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነው፤ በጊታሩ አንገት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወረወሩት ሐረጎቹም የዚህን እጅ መልክ የያዙ ናቸው። ዛሬ አራት ጤነኛ ጣቶች ያሉት ተማሪ እነዚህን ሐረጎች ሲቀዳ የሚቀዳው ምኑን ነው? ጉዳቱን አይደለም፤ ጉዳቱ የእርሱ አይደለምና። ሊወስድ የሚችለው፣ የቀረውን ይዞ ሙሉ ነገር የመናገርን ብልሃት ነው። እርሱንም የሚያገኘው በጃንጎ ሐረግ በኩል እንጂ ሐረጉን ሸሽቶ አይደለም።

በአሁኑ ዘመን የታላላቆቹ ሐረጎች በቁጥር ተጽፈው፣ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ተቀርጸው ይሰጣሉ። ድምፁን ሳያወርዱ ፍጥነቱን ብቻ የሚያዘገዩ መሣሪያዎችም አሉ። ይህ ከመምህርና ከሙዚቃ ቤት ርቆ ለሚኖር ወጣት ታላቅ በረከት ነው፤ መሣሪያውም በዚህ አይወቀስም። ነገር ግን ጣት የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ የተነገረው ተማሪ፣ ዌስ በግድ ይጠይቅ የነበረውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ማለፍ ይችላል። ቀድሞ በችግር ይገኝ የነበረው ምርመራ አሁን በፈቃድና በሥነ ሥርዓት የሚገኝ ሆኗል። ስለዚህ የአስተማሪው ኃላፊነት ከቀድሞው ከብዷል።

የዜማ ቤትና የቅኔ ቤት

ይህ ክርክር ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርት በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሕጎችን ይዞ ኖሯል። በዜማ ቤት ተማሪው ድጓውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለተከታዩ ማድረስ ነው። በቅኔ ቤት ግን ሕጉ ሌላ ነው። ተማሪው ግሡንና አገባቡን ያጠናል፤ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ይይዛል፤ ሰሙንና ወርቁን እየለየ ይፈታል። ከዚያም ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ግን ነውር ነው። የያዘው ሁሉ የተሰጠው እንዲሠራበት እንጂ እንዲመልሰው አይደለም።

ቋንቋውም ራሱ ይመሰክራል። ባለቅኔ በጉባኤ ፊት አዲስ ቅኔ ሲያፈልቅ «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። ዘረፋ በገበያና በመንገድ ወንጀል ነው፤ በቅኔ ጉባኤ ግን ክብር ነው። ልዩነቱ የሚገኘው ዘራፊው ይዞት በሚቀርበው ነገር ላይ ነው። የመንገዱ ዘራፊ የሌላውን ንብረት እንደ ነበረ ይዞ ይሄዳል፤ ባለቅኔው ግን ከሁሉም የጋራ ከሆነው ቋንቋና ታሪክ ተነሥቶ ትናንት ያልነበረውን ያመጣል።

የጃዝ ጊታር ተማሪ በእነዚህ በሁለቱም ቤቶች ማለፍ ግድ ይለዋል። ሐረጉን ሲያጠና እንደ ዜማ ቤት ተማሪ ፍጹም ታማኝ መሆን አለበት፤ በግምት የተቀዳ ሐረግ የመምህሩን ሐሳብ አያሳይምና። መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ የቅኔው ሕግ ይገዛዋል። በክርክሩ መነሻ ላይ የተጠቀሱት ሁለቱ ወገኖች የሚሳሳቱት አንዱን ቤት በሌላው ሕግ ሊያስተዳድሩ በመሻታቸው ነው።

ራስን መቅዳት

ዌስ ሞንትጎመሪ ከ1948 እስከ 1950 ከላየኔል ሃምፕተን ጓድ ጋር ከሠራ በኋላ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተመለሰ። ቀን በፋብሪካ፣ ሌሊት በክበቦች እየሠራ ቤተሰቡን አስተዳደረ። በ1959 የሳክስፎን ተጫዋቹ ካነንቦል አደርሊ ሰምቶት ለሸክላ አሳታሚ ነገረለት፤ በ1960 መጀመሪያ የተቀዳው «ዘ ኢንክሬዲብል ጃዝ ጊታር» የተባለው ሸክላ ስሙን አስጠራ። በዚያን ጊዜ የሚጫወታቸው ሶሎዎች የራሳቸው ሕንፃ ነበራቸው። በነጠላ ድምፆች ይጀምራል፤ ቀጥሎ አንዱን ዜማ በላይኛውና በታችኛው ድምፅ አጣምሮ በኦክታቭ ይጫወታል፤ በመጨረሻ በሙሉ ኮርዶች ይደመድማል። በኦክታቭ የተጫወተ የመጀመሪያው እርሱ አልነበረም፤ ጃንጎም ተጫውቶበታል። ዌስ ግን የሐሳቡ መወጣጫ አደረገው።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን የሸክላ ኩባንያዎች በወቅቱ ተወዳጅ የነበሩትን ዘፈኖች በዚሁ በኦክታቭ ድምፁ፣ በቫዮሊኖች ታጅቦ እንዲያሰማ ይፈልጉ ጀመር። በ1967 የወጣው «ኤ ዴይ ኢን ዘ ላይፍ» የተሰኘው ሸክላ በሰፊው ተሸጠ። የሐሳብ መወጣጫ የነበረው ኦክታቭ በእነዚህ ሸክላዎች ላይ የንግድ ምልክት ሆነ። ዌስ የቻርሊ ክርስቲያን ቀጂ መሆኑን ከተወ ከብዙ ዓመታት በኋላ ገበያው የዌስ ሞንትጎመሪ ቀጂ እንዲሆን ጠየቀው። በ1968 በ45 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ።

በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ለዓመታት ቀንም ሌሊትም ሠርቶ ልጆች ያሳደገ ሠራተኛ በመጨረሻ የድካሙን ዋጋ ቢያገኝ የሚነቅፈው ማን ነው? በአድማጭ ፊት ሲጫወትም የቀድሞው ኃይሉ አልተለየውም። ሆኖም ታሪኩ አንድ ነገር ያስረዳል። መኮረጅ ከሌላ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሰው የገዛ ራሱንም ሐረግ ያለ ጥያቄው ሊደግም ይችላል። «ራስህን ሁን» የሚለው ምክር ከዚህ አደጋ አያድንም፤ አንዳንዴም ወደ እርሱ የሚመራ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የፓት ማርቲኖ ታሪክ ቢነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በ1944 በፊላደልፊያ የተወለደው ማርቲኖ ወጣት ሳለ የዌስ አድናቂ ነበር፤ በኋላም በፈጣንና በተያያዙ ሐረጎቹ ከዘመኑ ስመ ጥር ጊታሪስቶች አንዱ ሆነ። በ1980 በአንጎሉ ላይ ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያም ሲነቃ የቀድሞ ሕይወቱ ትዝታ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር፤ ጊታር ተጫዋችነቱም ከእርሱ ርቆ ነበር። ወደ መሣሪያው የተመለሰው ለዓመታት በቆየ ልፋት ሲሆን፣ ከመምህሮቹ አንዱ እርሱ ራሱ ቀድሞ ያሳተማቸው ሸክላዎች ነበሩ። የገዛ ሐረጎቹን እንደ ሌላ ሰው ሐረግ አዳምጦ አጠናቸው። በ1987 በተቀዳ ሸክላ ዳግመኛ ለአድማጭ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተጫወተ፤ በ2021 ሞተ።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ቀዱ። አንደኛው ገዢ በሚያውቀው ምልክት ላይ እንዲቆም ተጠይቆ ቀዳ፤ ሁለተኛው የጠፋበትን የማሰብ ችሎታ ፍለጋ ቀዳ። የሥራው መልክ ተመሳሳይ ነው፤ የሞራል ክብደቱ ግን የተለያየ ነው። ማርቲኖ ያሳየው ሌላም ነገር አለ። «የራስ ድምፅ» የሚባለው በደም የሚወረስ፣ ከውጭ ሳይነካ በውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ ሀብት ቢሆን ኖሮ፣ ባለቤቱ ከሸክላ ሊማረው ባላስፈለገም ነበር። የራስ ድምፅም የሚደመጥ፣ የሚጠና፣ በሥራ የሚገኝ ነገር ነው። ተማሪው ከታላላቆቹ ሐረግ ሲሸሽ የሚጠብቀው ንጹሕ «እኔነት» እንግዲህ ገና ያልተሠራ ነገር ነው።

ስለ ዕዳ

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሐረጉ የተገኘው በሌላ ሰው ድካም ከሆነ ተማሪው ምን ይከፍላል? አጫጭር የዜማ ሐረጎች በጃዝ ዓለም እንደ ጋራ ገንዘብ ስለሚታዩ ከሳሽ የላቸውም። ዳኛው ኅሊና ብቻ ነው። ቻርሊ ክርስቲያን በ25 ዓመቱ የሞተ፣ የዘር መድልዎ በነገሠበት አገር የኖረ ሰው ነው፤ ከሐረጎቹ በኋላ ሌሎች ያገኙትን ክብርና ገንዘብ አላየም። ለእርሱ ዕዳውን በእጁ መክፈል ለማንም አይቻልም።

ሊከፈል የሚችለው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው የሰጪውን ስም መጥራት ነው። ዌስ ትምህርቱን ከማን እንዳገኘ አልደበቀም፤ ቅጂን ወደ ስርቆት የሚለውጠው መቅዳቱ ሳይሆን መደበቁ ነውና። ሁለተኛው የተቀበሉትን ሳያበላሹ ለተከታዩ ማስተላለፍ ነው። ሦስተኛውና ከባዱ በተቀበሉት ላይ መጨመር ነው። ክርስቲያን ከሌስተር ያንግ ወስዶ ጊታርን አናገረ፤ ዌስ ከክርስቲያን ወስዶ ኦክታቩን አነጸ፤ ማርቲኖ ከዌስ ወስዶ በሌላ መንገድ ሄደ። ማንም ባዶ እጁን አልጀመረም፤ ማንም ደግሞ የተቀበለውን ብቻ ይዞ አልቀረም።

ስለዚህ የሙዚቃ አስተማሪ ተማሪው የታላቁን ሰው ሶሎ አጥንቶ ሲመጣ «ይህ የአንተ አይደለም» ብሎ ሊያሳፍረው አይገባም፤ በትክክል ስለ ተጫወተው ብቻ አወድሶ ሊያሰናብተውም አይገባም። ሐረጉ በዚህ ቦታ ለምን እንደ ገባ ይጠይቀው። ኮርዱን ለውጦ ያንኑ ሐሳብ እንዲናገርበት ይዘዘው። ከማን እንደ ተማረውም በአድማጭ ፊት እንዲናገር ያስለምደው። ዌስ ሞንትጎመሪ በዚያ ክበብ የክርስቲያንን ሶሎዎች ጨርሶ የሚጨምረው ነገር ባጣባቸው ሌሊቶች ያልተማረ ሰው አልነበረም፤ የትምህርቱ ግማሽ ላይ የደረሰ ሰው ነበር። የቀረውን ግማሽ የሞላው፣ በማግስቱ ወደ ሥራው ሄዶ፣ ማታ ደግሞ ጊታሩን መልሶ በማንሣት ነው።